ጉምሩክና ግማሹ ሜሞሪ

ጉምሩክ ያሏት በቤቷ በር ሳይፈተሽ የሚገባም የሚወጣም ነገር ስለሌለ ነው። ዳቦ ከሱቅ ሲመጣ ገልብጣ ሥሩን ታያለች። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ከኋላው ቆማ እሷም ታነባለች። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው የገዛ ልጇ የራስ ምታት ክኒን ስታመጣላት እንኳን፣ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን መነጽሯን አድርጋ ማሸጊያውን ትመረምራለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ ያመጣሁት» ትላታለች ልጇ።

«አንቺን መች አልኩ፤ ክኒኑን ነው።»

ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። ሰፈሩ ከእሱ አፍ ሰምቶ ወሰደው። ልዩነቱ፣ ሰፈሩ ዞር ስትል ነው የሚላት፤ እሱ ግን ፊት ለፊት፣ ያውም አቆላምጦ «ጉምሩኬ» ይላት ነበር።

አመሏ ከሥራዋ ይምጣ ሥራዋ ከአመሏ፣ ለማወቅ ያስቸግራል። ዕድሜዋን የጨረሰችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከማሽን የወጣውን ጣቃ፣ ከሥሩ መብራት በሚበራበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋች እንከን ትፈልጋለች። የሳተ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ ቋጠሮ። እንከን ያገኘችበት ጫፍ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። ደህና ነው ብላ ያሳለፈችው ጣቃ ላይ እንከን ከተገኘ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ደህናውን በከንቱ ብትጠረጥር ግን የሚወቅሳት የለም። ጡረታ ስትወጣ ዓይኗ አብሯት ጡረታ አልወጣም።

ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። በሊፍት ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚውል ሰው፣ ከላይ ገመዱን ያሰረለትን ጓደኛውን ካላመነ ሥራው አይሠራም። ስለዚህ አማኝ ነበር። ገመዱን የሚያስርለት ደግሞ ፊውዝ የሚሉት ጓደኛው ነው። ፊውዝ የተባለው ቶሎ ስለሚቃጠል ነው፤ ትንሽ ነገር ሲበዛበት ይጮሃል፣ ዕቃ ያንኳኳል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። በኋላ ፊውዝ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሊፍቱን ትቶ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፈተ።

እሷ ፊውዝን አትወደውም። ለምን ሲሏት፣ «ጩኸቱ ምን ለመሸፈን እንደሆነ አልገባኝም» ትላለች።

ባሏ ታሞ ሥራ ሲያቆም እጁ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ከአንድ ቢሮ በተጣለ የኮምፒውተር ሳጥን፣ ከወዲያ ከወዲህ በለቃቀማቸው ዕቃዎች አንድ ነገር ገጣጠመ። ቁም ሳጥኑ ሥር፣ ጫማ ይደረደርበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጠው። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። ያለው አንዲት አረንጓዴ መብራትና የተኛ ድመት የሚመስል እርርታ ነው። የቤቱ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ሰነድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማየት ሲፈልጉ ከላፕቶፑ ወይ ከስልኩ በቤቱ ዋይፋይ ይገባሉ።

«አባዬ፣ ለምን እንደ ሰው ኢንተርኔት ላይ አታስቀምጠውም?» አለችው ልጁ።

«እናትሽ የማታውቀው ሰው ቤት ዕቃዋን ታኖራለች?»

ሳጥኑ ሲሠራ ፊውዝ እየመጣ ያግዝ ነበር፤ ማገዝ ከተባለ። የሁለቱ ክርክር ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

«ሜሞሪው አይበቃም» ይላል ባሏ።

«ይበቃል!»

«ለአንድ ቴራ ዲስክ አንድ ጊጋ ሜሞሪ ነው የሚያስፈልገው። ስምንት ቴራ አስገብቻለሁ፣ ያለኝ ስምንት ጊጋ ነው። እሱን ዲስኩ ከበላው ማሽኑ ራሱ ምን ይብላ?»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ሁሉም ነው የሚለው።»

«ሁሉም ማለት ማንም ማለት ነው! ይኼ እኮ መቶ ሰው ባንዴ ለሚገባበት መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር ነው። እዚህ ቤት ስንት ሰው አለ? አንተና ሚስትህ! እሷ ደግሞ አንዱን ፎቶ መርምራ እስክትጨርስ ማሽኑ እንቅልፉን ይጠግባል!»

ሁለቱ ሲስቁ እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰማች። አልሳቀችም። ከሰማችው ሁሉ አእምሮዋ ውስጥ የቀረው አንድ ቃል ነው። ለእሷ ሜሞሪ ማለት ስልክ ውስጥ የምትገባው ጥፍር የምታክል ነገር ናት፤ ዘፈንና ፎቶ የሚሞላባት። እና ባሏ ሜሞሪ አነሰኝ ሲል፣ የሚያስቀምጠው ነገር ብዙ ነው ማለት መሰላት።

መጨረሻ ላይ ፊውዝ ተሸነፈ። አንድ ቀን ከኪሱ ጣት የሚያህል ጠፍጣፋ አረንጓዴ ነገር አወጣና፣ «እንካ፣ ካስቸገርክ! አሁን አሥራ ስድስት ሆነልህ፤ ባንክ ክፈትበት» አለው።

ከሄደ በኋላ ባሏን ያዘችው። «ከየት አመጣው?»

«ከሱቁ።»

«ሱቁስ ከየት አመጣው?»

«ጉምሩኬ» አላት፣ «ቀረጥ ተከፍሎበታል፤ ይለፍ።»

አለፈ።

ባሏ የመጨረሻ ሥራ ብሎ የያዘው የራሱን ድምፅ መቅዳት ነበር። ሚስቱ ባለሙያ ቤቷ እንደማታስገባ ያውቃል። ቧንቧ ሠሪው ይሰርቃል፣ ቁልፍ ሠሪው ቁልፉን ይቀዳል፣ የምድጃ ጠጋኙ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌውን ይገጥማል። ስለዚህ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ እያነሳ እንዴት እንደሚጠገን ይናገር ጀመር። የወጥ ቤቱ ቧንቧ፣ የበሩ ቁልፍ፣ ምድጃው፣ ዋናው የውኃ መዝጊያ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር፣ ሌላም ሌላም። ሁሉንም ሳጥኑ ውስጥ በአንድ ፎልደር ከተተና ስሙን «ሲበላሽ» አለው።

እሱ ከሞተ በኋላ፣ እናቷ ሁሉንም በአንድ ቀን የምትሰማ ለልጇ መስሏት ነበር። እናት ግን አንዱንም አልከፈተችም። ቧንቧው ማንጠብጠብ ሲጀምር ነው የቧንቧውን የከፈተችው።

«ስሚኝ ጉምሩኬ» አላት ከላፕቶፑ ውስጥ። «መጀመሪያ ውኃውን ዝጊ። ዘጋሽ? አልዘጋሽም። አውቅሻለሁ፣ መጀመሪያ ልስማው ብለሽ ቆመሻል። ሂጂና ዝጊው።»

እውነትም አልዘጋችም ነበር። ሄዳ ዘጋች።

ከዚያ የበሩን ቁልፍ ሰማች፤ ቁልፉ አልዞርም ማለት ሲጀምር። ከዚያ የብረት ምጣዱ እጀታ። ያልተበላሸውን አትነካም። ያልሰማችው እስካለ ድረስ ገና የሚነግራት አለ። ይህንን ለልጇም አልነገረችም፤ ብትነግራት ምን እንደምትላት ታውቃለች። አንዳንድ ቀን ብቻ፣ የመደርደሪያውን በር ከሚገባው ትንሽ ጠንከር አድርጋ ትዘጋዋለች።

ነገሩ የተበላሸው በውኃ መዝጊያው ነው። ከማጠቢያው ሥር ግድግዳው እርጥበት ማልቀስ ጀመረ። ባልዲ ደቅና፣ እጇን በቀሚሷ አድርቃ፣ ላፕቶፑን ከፈተች። ደስታዋን ማንም አላየባትም።

«ስሚኝ ጉምሩኬ። ይኼኛው ከባድ ነው፤ አትቸኩዪ። መዝጊያው ከማጠቢያው ሥር ግድግዳው ጋ ነው። ወደ ቀኝ አዙሪው። ጠንካራ ነው፣ ዕድሜው የእኛ ነው። ባይሆንልሽ—»

ከዚያ ቅጭጭጭ የሚል ድምፅ። አሸዋ በጥርስ እንደማኘክ። ከአሸዋው ማዶ አንድ ቃል ብቻ ወጣ፤ «...አይደለም።» አለቀ።

ደግማ ብትከፍተው ያው ነው። ሳጥኑን ከሶኬቱ ነቅላ መልሳ ሰካችና እንደገና ሞከረች። አሁን ደግሞ «ወደ ቀኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቅጭጭ ብሎ ቀጥ አለ። ሦስተኛ አልሞከረችም። በተከፈተ ቁጥር እያለቀ የሚሄድ መሰላት፤ እንደሚታሽ ጨርቅ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከማጠቢያው ሥር ውኃው ባልዲው ውስጥ ጠብ ይላል።

መጀመሪያ መጨረሻው ጋ ተቆረጠ። ከዚያ መሐሉ ጋ። በእሷ ሙያ አንድ ቦታ የማይቆም እንከን የጨርቁ አይደለም፤ ያን ታውቃለች፤ ጨርቁ ያለፈበትን ነገር ነው ማየት። ግን ያን ጊዜ ይህ አልታሰባትም። የታሰባት ሰው ነው። አንድ ሰው የባሏን ንግግር እየቆራረጠው ነው። ለምን? ባይሆንልሽ ምን? ምኑ ነው «አይደለም»?

ልጇ ቤቱን ትተሽ እኔ ጋ ግቢ ካለቻት ቆይታለች። ባይሆንልሽ ልጅሽ ጋ ግቢ ብሎ ይሆን? ይህንንማ ልጇ አትቆርጠውም። ወይስ፣ ባይሆንልሽም ከቤትሽ አትውጪ፣ የልጅ ቤት የራስ ቤት አይደለም ብሎ ይሆን? ይህንን ልትቆርጠው ትችላለች። ባለፈው መጥታ ላፕቶፑ ላይ የሆነ ነገር ስትነካካ ነበር፤ «ፍጥነቱን ላስተካክልልሽ» ብላ። ደግሞ ፊውዝ አለ። ከቀብሩ በኋላ መጥቶ፣ ሳጥኑን ከፍቶ አቧራውን አራግፏል። እሷ ሻይ ልታፈላ ሄዳ ብቻውን ትታዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ሰው ብቻውን ትታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ሐዘን ላይ ነበረች።

ልጇ ቅዳሜ መጣች።

«ማነው የገባው?» አለቻት ገና ሳትቀመጥ።

«የት?»

«ሳጥኑ ውስጥ። የአባትሽ ድምፅ ተቆርጧል።»

ልጅየዋ ቦርሳዋን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ሌባ ገብቶ የአባዬን ድምፅ ሰርቆ ሄደ ነው የምትይኝ? ቴሌቪዥኑን ትቶ?»

«ቴሌቪዥኑማ አርጅቷል።»

«ሳጥኑም አርጅቷል፤ በቃ ይኼው ነው። ባለሙያ ይየው። ፊውዝን ልጥራልሽ።»

«እሱን? በሬን አይረግጣትም።»

«ታዲያ ማንን? ከአባዬ ሌላ ያንን ሳጥን የሚያውቀው እሱ ነው። ካልሆነ እኔ ተሸክሜ ወስጄ...»

«ተሸክመሽ የት?»

«እማዬ!» አለች ልጅየዋ፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ጮኸች፤ «ይኼ ባልዲ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ተቀምጧል።»

ልጅየዋ ከወጥ ቤት ሳትወጣ ፊውዝ ጋ ደወለች።

ፊውዝ በሚመጣበት ዕለት ጠዋት ጉምሩክ አንድ ነገር አደረገች። ላፕቶፑን ከፍታ «ሲበላሽ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ገለበጠች። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሰረዘች። ልታዳምጥ አልከፈተችም፤ ያልተበላሸ ዕቃ አታዳምጥም። ፍላሹን በጨርቅ ጠቅልላ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋ ውስጥ፣ ከኮት ቁልፎቹ ሥር ቀበረችው። ሌባው ሲመጣ ባዶ መጋዘን ያገኛል።

ፊውዝ በሩ ላይ ቆሞ ቦርሳውን ከፍቶ አሳያት። ባሏ በሕይወት እያለም እንዲህ ነበር፤ ያኔ ግን እየሳቀ ነበር የሚከፍተው።

«ጠመንጃ መፍቻ፣ ብሩሽ፣ ፍላሽ አንድ፣ ትንሽ ስክሪን፣ ኪቦርድ» አለች እየቆጠረች። «የምታስገባውን ካላወቅኩ የምታወጣውን አላውቅም።»

«ምንም አልሰርቅሽ፣ እህቴ። ሳጥኑ የት ነው?»

ከጫማዎቹ መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን ሰካ። እሷ ከጀርባው ቆመች። የሆነ መፈተሻ አስጀመረ፤ ቁጥሮች ይሮጡ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር መጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

«አሃ» አለ ፊውዝ። «ሜሞሪው ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ተበላሽቷል። አውጥቶ መጣል ነው።»

በእሱና በሳጥኑ መሐል እግሯን አስገባች። ጫማ ተገለበጠ።

«የባሌን ሜሞሪ አውጥተህ ልትጥል?»

«የምን የባልሽ? እኔ ነኝ የሰጠሁት!»

«ይኸው! ይኸው ወጣ!» አለች። «መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር። ሰጥተህ፣ ሲሞላልህ መልሰህ ልትወስድ!»

«ምን ሲሞላልኝ?»

«እሱ!»

ፊውዝ ለመጮህ የከፈተውን አፉን አልዘጋውም፤ ጩኸቱ ግን አልመጣም። ጠመንጃ መፍቻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«እህቴ» አለ። «እዚህ ውስጥ እሱ የለም። ምንም የለም። ይኼ ነገር መብራት ሲጠፋ ያለውን ሁሉ ይረሳል።»

«ታዲያ ምኑን ሜሞሪ አሉት?»

«እኔ አይደለሁም ስም ያወጣሁለት!» አለ፤ አሁን ትንሽ ጮኸ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ምሳሌ ፈለገ። «ፋብሪካ ውስጥ ጠረጴዛ ነበረሽ አይደል? ጨርቁን የምትዘረጊበት።»

«ነበረኝ።»

«ጣቃው የሚያድረው ግን የት ነው? ጠረጴዛው ላይ?»

«መጋዘን ነዋ። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ያድራል?»

«በቃ። እነዚህ ከባዶቹ ዲስኮቹ ናቸው፤ መጋዘኑ እነሱ ናቸው፤ ባልሽ የተናገረው እዚያ ነው ያለው። ይኼ ሜሞሪ የሚባለው ጠረጴዛው ነው። አንቺ ልስማ ስትዪ ጣቃው ከመጋዘን ይወጣል፣ እዚህ ላይ ይዘረጋል፣ ታይቶ ይጠቀለላል። ሲመሽ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ገባሽ? አሁን ይኼኛው ጠረጴዛ ላይ ሚስማር በቅሏል። የሚዘረጋበትን ሁሉ ይቧጭረዋል። መጋዘን ያለው ጣቃ ደህና ነው።»

እሷ ቀይ መስመሮቹን አየች። እንከኑ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። ጨርቁ ሳይሆን ያለፈበት ነገር። ፊቷ ላይ ሙቀት ተሰማት፤ ግን እጅ አልሰጠችም።

ፊውዝ ሳጥኑን አጥፍቶ ከሁለቱ ጠፍጣፋ ነገሮች አንዱን ነቀለ፤ ያን ጊዜ ከኪሱ ያወጣውን። በቀረው ብቻ አስነስቶ እንደገና ፈተሸ። አሁን ቀይ አልመጣም።

«አለቀ። ስምንት ጊጋ ይበቃሻል።»

«አሥራ ስድስት ነበር።»

«ነበር።»

«ግማሹን ወስደህ ይበቃሻል ልትለኝ ነው?»

«አዎ! ይበቃሻል!» ፊውዙ ተቃጠለ። «ያኔም ብዬዋለሁ! ጠረጴዛው ቢያንስ ትንሽ ቀስ ይላል እንጂ ጨርቅ አይበላም! አልሰማ አለኝ! ለአንድ ቴራ አንድ ጊጋ፣ ለአንድ ቴራ አንድ ጊጋ! እስቲ ንገሪኝ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው አለ?»

ካለ በኋላ ነው የሰማው።

«አንድ» አለች እሷ።

ፊውዝ ጎንበስ ብሎ የተገለበጠውን ጫማ አቃና። የወንድ ጫማ ነበር።

«በይ» አለ፣ «ያ የተቆረጠውን ክፈቺውና እንስማ።»

ላፕቶፑን ከፈተች። ከዚያ እጇ ቆመ። ፎልደሩ የለም፤ እንደሌለ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ተነስታ የቁልፍ ቆርቆሮዋን አመጣች፤ ቁልፎቹን አልጋው ላይ ደፍታ ፍላሹን ከጨርቁ ፈታች።

«ምንድን ነው?»

«እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሰርዤዋለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ፊውዝ አልጮኸም። ያስፈራት ይኼ ነው፤ አለመጮኹ። እሱ እስኪናገር መጠበቅ አላስፈለጋትም። ጠዋት ሚስማሩ እዚያው ነበር። እያንዳንዱን፣ የሰማችውንም ያልሰማችውንም፣ በገዛ እጇ አንድ በአንድ ሚስማሩ ላይ ጎትታ አሳልፋዋለች፤ ከዚያ መጋዘኑን ባዶ አድርጋዋለች።

ፊውዝ ፍላሹን ሰክቶ አንዱን ከፈተ። የምድጃው ነበር። «ስሚኝ ጉም—» አለና አሸዋው መጣ።

«ዝጋው» አለች።

ዘጋው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ከሥሯ ቁልፎቹ ተንኮሻኮሹ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው እጅ ስታይ የኖረች ሴት የራሷን እጅ ገልብጣ አየችው።

ፊውዝ ወደ ሳጥኑ ዞሮ ኪቦርዱን መንካት ጀምሯል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ። «ቆይ» አለ። «ቆይ እስቲ። ያ ሰውዬ... ቆይ!»

«ምንድን ነው?»

«ይኼ ሳጥን በየቀኑ፣ ያለውን ሁሉ እንደነበረ መዝግቦ ለራሱ ያስቀራል። አንቺ የሰረዝሽው ከዓይንሽ ጠፋ እንጂ ከመጋዘኑ አልወጣም። ይኸው የትናንቱ!»

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ባልሽ ነዋ! ቦታ ይጨርስብሃል፣ ምን ያደርግልሃል ብዬ ጮኼበት ነበር። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን አለህ?»

ፊውዝ ትንሽ አመነታ። «ሚስቴ አንድ ቀን ሌባ ትጠረጥርና ከሌባው ቀድማ ትደብቀዋለች፤ ስትደብቀው ታጠፋዋለች አለኝ።»

ከሰው ሁሉ አንድ ሰው ነበር ያልጠረጠረችው። ያ ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ በለሰለሰ ድምፅ ጉምሩኬ እያላት፣ ከሥር ግን እሷን ጠርጥሮ ጨርሷል። ያውም ልክ ሆኖ።

«እኔን!» አለች። «እኔን ጠርጥሮ!» ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዘላትም።

ፊውዝ የትናንቱን ፎልደር ወደ ቦታው መልሶ የውኃ መዝጊያውን ከፈተላት።

«ስሚኝ ጉምሩኬ። ይኼኛው ከባድ ነው፤ አትቸኩዪ። መዝጊያው ከማጠቢያው ሥር ግድግዳው ጋ ነው። ወደ ቀኝ አዙሪው። ጠንካራ ነው፣ ዕድሜው የእኛ ነው። ባይሆንልሽ ግን ፊውዝን ጥሪው። ይጮሃል፤ ይጩህ። ስንት ዓመት ገመዴን ይዞ አልለቀቀኝም። ቦርሳውን ፈትሺ ካልሽም ፈትሺ፣ ሌባ ግን አይደለም።»

አለቀ። ሳጥኑ እርር ይላል። ፊውዝ አንዲት ብሎን ይዞ፣ የምትገባበትን ቀዳዳ እያየ፣ ብዙ ጊዜ ሳያስገባት ቆየ።

«ማጠቢያው በየት በኩል ነው?» አለ በመጨረሻ፤ ወጥ ቤቱ የት እንደሆነ ያጣው ይመስል።

መዝጊያውን ለማዞር ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር፤ እሱ ያዘ፣ እሷ በጨርቅ ጠቅልላ ገፋች። እሱ ጮኸ። ዞረ። ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበው ቆመ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቦርሳውን ራሱ ከፈተላት። አየችው። ካላየችማ ጉምሩክ መባሏ ምኑ ላይ ነው። ከጠመንጃ መፍቻው ሥር የተነቀለው ሜሞሪ አለ።

«ይኼስ?»

«ልጥለው ነው። አልኩሽ እኮ፣ ምንም የለበትም።»

«ሰምቻለሁ። ስጠኝ።»

ሰጣት። ሲሄድ ደረጃው ላይ ብቻውን ሲያጉረመርም ይሰማት ነበር።

አልጋው ላይ የተደፉትን ቁልፎች ወደ ቆርቆሮው መለሰች። ከመርፌ ማስቀመጫዋ ቀይ ክር ቆርጣ የሜሞሪው ወገብ ላይ አሰረች፤ እንደ ፋብሪካው አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ። ከኮት ቁልፎቹ ጋር ከተተችው።

ላፕቶፑ እንደተከፈተ ነው። የምድጃው፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር፣ ሌሎቹም በመስመር ተደርድረዋል፤ ሁሉም ደህና ናቸው ብሏታል ፊውዝ። አንዱን ከፍታ ማረጋገጥ ትችላለች። ጣቷን እላዩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና አነሳችው።

እጇን ልትታጠብ ሄደች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ማጠፊያ ሰሞኑን ሲጥ ማለት ጀምሯል። አንዴ ከፍታ ዘግታ አዳመጠችው። ገና ነው። ስትወጣ ጠንከር አድርጋ ዘጋችው።